«አንተ፣ ና ወዲህ!» ሲባል ምን ይመለሳል?

ወገኖች፣ ጥያቄዬ አጭር ነው። ታሪኩ ግን ትንሽ ይረዝማል።

ያለፈው ማክሰኞ ለ12 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ገደማ ከፒያሳ ወደ ለገሀር በቸርችል ጎዳና ቁልቁል እየወረድኩ ነበር። ዝናቡ ድንገት ለቀቀው። ዣንጥላ አልያዝኩም። አንድ የተዘጋ ሱቅ በረንዳ ስር ገብቼ ቆምኩ። አጠገቤ አንድ ሊስትሮ ዕቃውን በላስቲክ ሸፍኖ ቁጭ ብሏል። ሁለት ተማሪዎችም ነበሩ።

ከመንገዱ ማዶ አንድ ፖሊስ አየኝ። ልጅ ነው፤ ቢበዛ 23 ወይም 24 ዓመት ቢሆነው ነው። ቆቡን በፌስታል ሸፍኖታል። እየሮጠ ተሻገረና ጣቱን ቀሰረብኝ። «አንተ፣ ና ወዲህ!»

እኔ 46 ዓመቴ ነው። ትልቋ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ያን ቀን ደግሞ ቢሮ ውስጥ ተጨቃጭቄ፣ ምሳም ሳልበላ ነው የወጣሁት። «አንተ ለማለት ማን ፈቀደልህ?» አልኩት። ድምፄ ካሰብኩት በላይ ጮኸ። ሊስትሮው ቀና አለ። የልጁ ፊት ተለዋወጠ። መታወቂያ ጠየቀኝ። ለምን አልኩት። ለምን እንደሆነ ጣቢያ ይነገርሃል አለኝ።

የትኛው ጣቢያ እንደሆነ አልጽፍም። ሦስት ሰዓት ሙሉ የእንጨት አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ፊት ለፊቴ ተረኛው የእስክሪብቶውን ክዳን በጥርሱ ነክሶ መዝገብ ላይ ይጽፋል። ሱሪዬ እላዬ ላይ ደረቀ። ምንም የጠየቀኝ የለም። 3 ሰዓት ሲሆን አንዲት ጠና ያለች ሳጅን ገባች። መዝገቡን አየች፣ እኔን አየች፣ ጃኬቴን አየች። «ይቅርታ ያድርጉልን፣ አጉላላንዎት» አለችኝ። ሞባይል ነጥቆ የሮጠ ሰው ግራጫ ጃኬት ለብሷል ተብሎ ኖሯል። የኔም ግራጫ ነው። ነጣቂው ግን የሃያ ዓመት ልጅ ነው።

ያ ፖሊስ መጀመሪያውኑ ግራጫ ጃኬት የለበሰ ሰው እየፈለግን ነው ቢለኝ ኖሮ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። እኔም ስለ «አንተ» ከመጮሄ በፊት ምን ፈልገህ ነው ብዬ ብጠይቀው ኖሮ ምናልባት እንደዚያው። ዝም ማለት ነበረብኝ? እናንተ ፖሊስ ሲያስቆማችሁ ምን ትላላችሁ? እንዴትስ ነው የምትሉት?

(የውይይቱ ክር ስለረዘመ፣ ዘግይተው ለሚገቡ ሰዎች መልሶቹን በቁጥራቸው ሰብስቤ በራሴ አነጋገር ጽፌአቸዋለሁ። የማንንም ቃል አልገለበጥኩም። የተሳሳትኩት ካለ አርሙኝ።)

መልስ 1 ከአንዲት የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ካላቸው እናት ነው። ሱቃቸው አራት ኪሎ ነው። መጀመሪያ እንኳን በሰላም ወጣህ አሉኝ። ቀጥለው፣ በነገሩ ትክክል ብሆንም በድምፄ እንደተሳሳትኩ በለሰለሰ ቋንቋ ነገሩኝ። እሳቸው ፖሊስ ሱቃቸው በር ላይ ሲቆም ሁሌም ቀድመው ጤና ይስጥልኝ ይላሉ። ሰላምታ የተሰጠው ሰው መልስ ሳይሰጥ መቆጣት ይከብደዋል፤ እሱ ሲመልስ እርስዎም ትንፋሽ ያገኛሉ የሚል ነው ምክራቸው። አንተ እያሉ ጀምረው እዚህ ጋ ሲደርሱ አንቱ አሉኝ። ለምን እንደሆነ አልገባኝም፤ ግን ደስ አለኝ።

መልስ 2 ጠበቃ ነው። እንደ ጠበቃ ነው የጻፈው፤ አንቀጽ በአንቀጽ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 ስለ ተያዙ ሰዎች ነው። የተያዘ ሰው ለምን እንደተያዘ በሚገባው ቋንቋ ወዲያው ሊነገረው ይገባል። ያለመናገር መብት አለው። የሚናገረው ነገር በፍርድ ቤት ማስረጃ ሊሆንበት እንደሚችልም ሊነገረው ይገባል። ተገዶ እንዲያምን አይደረግም። በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ከዚህ የማይቆጠረው ወደ ፍርድ ቤት ለመሄድ የሚወስደው ጊዜ ብቻ ነው። የጠበቃው ተግባራዊ ምክር ግን ከአንቀጾቹ ይልቅ አጭር ነበር። በዝግታ ሁለት ነገር ብቻ ጠይቅ ይላል፦ ተይዣለሁ ወይስ መሄድ እችላለሁ፣ ከተያዝኩስ ለምን? ከዚያ በኋላ ስምህንና አድራሻህን ተናገርና አፍህን ዝጋ። ስለ ክብርህ የምትከራከረው ማግስቱን፣ ለኃላፊው፣ በጽሑፍ ነው። መንገድ ላይ በዝናብ አይደለም።

እውነቱን ለመናገር መልስ 2ን ሳነብ አፈርኩ። ለምን ብዬ ጠይቄያለሁ እኮ። ግን «ለምን?» ያልኩት ለመጠየቅ አልነበረም፤ ለመመለስ ነበር። ልዩነቱን ሰው ከድምፅ ያውቀዋል።

መልስ 3 የሚኒባስ ሾፌር ነው። ከሜክሲኮ አራት ኪሎ ይሠራል። ይህ ሁሉ አንቀጽ ለቢሮ ሰው ነው ብሎ ጀመረ። እሱ በቀን ከትራፊክ ፖሊስ ጋር የሚገናኘው ከሚስቱ ጋር ከሚገናኘው በላይ ነው። መንጃ ፍቃድ፣ ሊብሬና የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ በአንድ ላስቲክ አድርጎ ከፊቱ ካለው የፀሐይ መከላከያ ላይ ይሰካቸዋል። ሲጠየቅ አይፈልግም፣ አይጎረጉርም፤ እጁን ዘርግቶ ያወርዳል። ኪሱን ሲዳብስ የቆየ ሾፌር ግማሽ ቅጣቱን እዚያው ተቀበለ ይላል። ደግሞ አንድ ነገር አስታወሰን፦ ደህናው ትራፊክ ወደ መስኮትህ ሲመጣ ቀድሞ ሳልዩት ይሰጥሃል። ሰላምታውን ሳትመልስ «ምን አጠፋሁ?» ካልክ ነገሩን ያበላሸኸው አንተ ነህ።

ከዚያ የራሱን ጉድ አወጣ። አንድ ሰሞን ዩኒፎርም የለበሰውን ሁሉ ኮማንደር ማለት ጀምሮ ነበር። ኮንስታብሉም ኮማንደር፣ ሳጅኑም ኮማንደር። ይሠራለት ነበር፤ ሰው ሹመት አይጠላም። አንድ ቀን ስታዲየም ጋ አንዱን ኮንስታብል ኮማንደር ሲለው፣ ከኋላው የቆመው የእውነት ኮማንደር ሆኖ ተገኘ። ኮማንደሩ ሳቀ። ኮንስታብሉ ግን አልሳቀም። ቅጣቱን ሳይቀንስ ጻፈለት። ከዚያ ወዲህ ማዕረጋቸውን ካላወቀ ወንድሜ ብቻ ነው የሚለው።

መልስ 4 የሕግ ተማሪ መሆኑን የገለጸ ልጅ ነው። ጠበቃውን አረመ፣ ወይም ያረመ መሰለው። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 29 መሠረት 48 ሰዓቱ እንደ አካባቢውና እንደ መገናኛው ሁኔታ ሊያልፍ ይችላል፣ ስለዚህ ሰውን በባዶ ተስፋ አትሙላ አለው። መልስ 5 ላይ ጠበቃው ተመለሰ። ትሕትናው ቀንሷል። ሕገ መንግሥቱ የበላይ ሕግ ነው፣ አንቀጽ 9 ላይ ተጽፏል፣ እሱን የሚቃረን አሮጌ ሕግ አይሠራም አለ። ደግሞስ የምን መገናኛ ነው፣ ከፒያሳ ልደታ ፍርድ ቤት እኮ በእግር ይኬዳል ብሎ ልጁን አሳፈረው። ልጁ ከዚህ በኋላ አልጻፈም። ጠበቃው በነገሩ ልክ ነው። በአነጋገሩ ግን እኔ ፖሊሱን የተናገርኩትን ይመስላል፤ ይህን የምለው ደግሞ ስለማከብረው ነው።

መልስ 6 የመጣው ከአንዲት ሴት ነው። ከሁሉ ረጅም ጊዜ ያሰብኩበት እሱን ነው። እናንተ ወንዶች ስለ አንተና ስለ እርስዎ ትጨቃጨቃላችሁ፣ እኛን «አንቺ» ማለትማ ክብር ነው ብላ ገባች። እሷ የሰማችው ቆንጆ፣ እቴ፣ የኔ እናት የሚሉትን ነው። መስቀል አደባባይ ለደመራ ስትገባ ፍተሻ ላይ አንድ ወንድ ፖሊስ ቦርሳዋን ካየ በኋላ እጁን ወደ ወገቧ ሰደደ። አልጮኸችም። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች፣ ሁለት እጇን ከፍ አድርጋ አሳየችና ሴት ፖሊስ እስክትመጣ እንደምትጠብቅ ነገረችው። ከኋላዋ የተሰለፉት ሴቶች ሁሉ እንደዚያው ቆሙ። ሰልፉ ቆመ። ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ሴት ፖሊስ መጣች። የተያዘን ሰው የሚፈትሸው ተመሳሳይ ጾታ መሆን እንዳለበት በ1954ቱ ሥነ ሥርዓት ሕግ እንደተጻፈ የነገራት ወንድሟ ነው፤ እሷ ግን በዚያች ሰዓት ሕጉን አልጠቀሰችም። አያስፈልግም ነበር ትላለች። መቆሙ በቂ ነበር።

መልስ 7 ፖሊስ ነው። ወይም ፖሊስ ነኝ ብሏል፤ ማመኑ የእናንተ ነው። እኔ አምኜዋለሁ፤ ምክንያቱም ስለ ጫማው ብዙ ጽፏል። ዝናብ ላይ ከቆምክ በኋላ ጫማህ ውስጥ ያለው ካልሲ እንዴት እንደሚሆን የቆመ ሰው ነው የሚያውቀው። ልጁ «አንተ» ማለቱ ስህተት ነው፣ አልከላከልለትም አለ። ግን ከእሱ ጎን ሆናችሁ እዩት ብሎ ለመነን። ንጥቂያ በሬዲዮ ይነገራል፤ የሚነገረው ጾታና የልብስ ቀለም ነው፤ ዕድሜ ብዙ ጊዜ የለም። ሮጦ ደርሶ ማን እንደሆነ የማያውቀውን ሰው ሲያስቆም መጀመሪያ የሚያየው እጅን ነው፣ ፊትን አይደለም። ኪሱ ውስጥ እጁን ከትቶ የሚከራከር ሰው ያስፈራል። ስለዚህ እጅህን አውጣ፣ መታወቂያ ልታወጣ ከሆነ ከኪሴ ላወጣ ነው ብለህ ንገረው። ፈጣን እንቅስቃሴ አታድርግ፣ አትንካው፤ ትከሻውን መታ መታ ማድረግም ቢሆን። ሲቪል የለበሰ ሰው ፖሊስ ነኝ ካለህ መታወቂያውን አሳየኝ ማለት ትችላለህ፣ ከተጠራጠርክ 991 ደውል። በጣም የሚያናድደው ምን እንደሆነም ነገረን። ስድብ አይደለም። ሰዎች ወዲያው ስልክ አውጥተው የሚያውቁትን ባለሥልጣን መጥራታቸው ነው። እሱ የደወለ ሰው ሲያይ ጥፋት ያለው ይመስለዋል።

ከዚህ በኋላ ክሩ ተበላሸ። መልስ 8 ፖሊሱን ካድሬ አለው። መልስ 9 ስምንተኛውን ባንዳ አለው። 10 እና 11 እናት አባት ውስጥ ስለገቡ አስተዳዳሪው አጠፋቸው፤ ምን እንደተባለ ያያችሁ አታውሩት። መልስ 12 ሰዎች፣ ስለ ጨዋ አነጋገር ነው እኮ የተጠየቀው ብሎ አስታወሰ። ማንም አልሰማውም።

መልስ 13 አንድ አራዳ ነኝ ባይ ሁሉንም እንድንተው መከረን። ሁለት መቶ ብር አጣጥፎ ከመንጃ ፍቃዱ ስር ማስቀመጥ፣ የሻይ ማለት፣ አለቀ። ታዲያ መልስ 14 ላይ ጠበቃውና ፖሊሱ ተከታትለው መጡና በዚህ ክር ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማሙ። ጉቦ የሰጠም የተቀበለም ወንጀለኛ ነው፤ የተቀጣ ሰው ደግሞ ሕጋዊ የክስ ወረቀቱን ይዞ መክፈል እንጂ እጅ በእጅ ብር መስጠት የለበትም። ፖሊሱ አንድ ነገር ጨመረ፦ ሁለት መቶ ብር ያገኘ ትራፊክ ነገም ያን ሾፌር ያስቆመዋል፤ ደንበኛ አግኝቷላ። ሾፌሩ (መልስ 3) ከሩቅ አጨበጨበ። የራሱ ሚኒባስ ስንት ጊዜ ደንበኛ እንደሆነ ግን አልነገረንም።

መልስ 15ን ሁላችሁም ተመለሱና አንብቡት። ጡረታ የወጡ አባት ናቸው፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ነው ያደጉት። ያኔ ፖሊስ ሁሉ ቦታ አልነበረም፣ ሕግ ግን ሰው አፍ ውስጥ ነበር ይላሉ። አንድ ሰው ሌላውን «በሕግ አምላክ!» ካለው የተባለው ሰው ባለበት ይቆማል። በንጉሡ ስም ማስቆምም ነበር። መሸሽ ትልቅ ነውር ነው። ከአባታቸው የሰሙት ደግሞ ከዚያም የቆየ ነው። ባለ ዕዳና ባለ ገንዘብ በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥረው፣ ሲብስም በሰንሰለት ተቆራኝተው ወደ ዳኛ አብረው ይሄዱ ነበር። ቁራኛ የሚባለው ይኸው ነው። ሁለቱ ጠላቶች መንገድ ላይ አብረው ውሃ ይጠጣሉ፣ አብረው ያድራሉ፤ አንዳንዴ ዳኛው ጋ ሳይደርሱ ይታረቃሉ። እኔና ያ ልጅ ፖሊስም በዝናብ አብረን ወደ ጣቢያ ስንሄድ ቁራኛ ነበርን የሚሉት ነገር አሳቀኝ። እውነት ነው፤ መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል አልተለዋወጥንም። መብራት ላይ ስንቆም ግን መኪና ውሃ ሊረጨኝ ሲል ክንዴን ይዞ ሳበኝ። ይህን መጀመሪያ ስጽፍ ለምን እንደዘለልኩት አላውቅም።

መልስ 16 ሽማግሌውን በአክብሮት፣ ግን ሳያዛንፍ መለሰላቸው። ድሮ ድሮ አትበሉን፣ ንጉሥ አይከሰስ ሰማይ አይታረስ ይባል የነበረውም ያኔ ነው አለ። ፒያሳ ያደገ ሰው ማዕከላዊ የሚባል የምርመራ እስር ቤት እንደነበረ ያውቃል። በደርግም ከደርግ በኋላም ሰው እዚያ ገብቶ ምን እንደሆነ፣ በ2010 እስኪዘጋ ድረስ ሠፈሩ ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚያወራው። የሱ አጎት እዚያ ቆይቶ ከወጣ በኋላ ሰማያዊ ዩኒፎርም ባየ ቁጥር ይነሳና ይቆም ነበር። ካፌ ውስጥም። ሠርግ ላይም። ይህን ሰው በትሕትና ተናገር ልትለው ነው ወይ፣ ትሕትናው እኮ ሞልቶ ፈሷል ብሎ ጨረሰ። ሽማግሌው ልብ ብለው አንብበው ልክ ነህ ልጄ የሚል አጭር ነገር ጻፉለት። ጨዋታችን ሁሉ እንደዚህ ቢሆን።

ከ17 እስከ 20 ፒያሳ ውስጥ ጠፋን። ማዕከላዊ ሲነሳ ሠፈር ተነሳ፣ ሠፈር ሲነሳ በ2016 የፈረሰው ቤት ተነሳ፣ ቤት ሲነሳ ማኪያቶ። የድሮዎቹ ኬክ ቤቶች የት እንደሄዱ፣ የኮሪደር ልማቱ መብራት ያምራል ወይስ ዓይን ያጠፋል፣ የተነሱት ሰዎች ለቅሶ ለመድረስ ስንት ታክሲ እንደሚይዙ። ከርዕሱ ውጭ ነው። ግን አንዱ ያነሳት ነገር ከርዕሱ ጋር ትገናኛለች። ድሮ የሠፈሩ ፖሊስ ስሙ ይታወቅ ነበር፣ አሁን ሠፈሩም ፖሊሱም አዲስ ነው፤ የማይተዋወቅ ሰው ደግሞ የሚገናኘው በመታወቂያ ነው።

መልስ 21 ሜክሲኮ ካልሲና የውስጥ ልብስ ዘርግታ የምትሸጥ ልጅ ናት። እናንተ የምትሉት ፖሊስ ለኛ ዋናው አይደለም አለች። እነሱን የሚያባርራቸው ደንብ ማስከበር ነው። አንዱ «ደንብ!» ብሎ ሲጮኽ ሸራውን በአራት ጫፉ ሰብስቦ መሮጥ ነው፤ ለመነጋገር ጊዜ የለም። ሰዎች ዩኒፎርም ሁሉ አንድ ይመስላቸዋል፣ ደንብ ማስከበር ፖሊስ አይደለም ብላ ታስረዳለች። እሷ የምታደርገው አንድ ነው። ዕቃዋ ከተያዘ አትታገልም፣ አታለቅስም፤ እያንዳንዱን ጮክ ብላ ትቆጥራለች። አሥራ ሁለት ካልሲ፣ ስድስት ፓንት፣ ሁለት ሻርፕ። ከዚያ የተያዘበትን ወረቀት ትጠይቃለች። ጮክ ብሎ የተቆጠረ ዕቃ መንገድ ላይ አይቀንስም። እኔ ከዚህ ክር ሁሉ ይቺን ነገር ለልጄ ነግሬያታለሁ።

መልስ 22 አንድ ወጣት ነው፤ ፖሊስ ስልክህን ክፈትና ልየው ቢለኝስ ብሎ ጠየቀ። ጠበቃው ተቀበለው። አንቀጽ 26 በስልክና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነትን ይጠብቃል፣ ስለዚህ የፍርድ ቤት ትእዛዝ አለ ወይ ብሎ በጨዋ ድምፅ መጠየቅ ያስኬዳል። ለቤት ፍተሻም እንዲሁ ትእዛዝ ጠይቁ፤ ፍርድ ቤቱ በተለየ ካላዘዘ በስተቀር የሚፈተሸው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ነው። ያለ ትእዛዝ የሚፈተሽበት ሁኔታም አለ፣ ለምሳሌ ሰው እጅ ከፍንጅ ተይዞ ሲሮጥና ፖሊስ ሲከተለው። በር ላይ ቆማችሁ በጉልበት አትከልክሉ፣ አልተስማማሁም በሉና የተወሰደውን ዕቃ ዝርዝር አንብባችሁ ፈርሙ ይላል። የጣቢያ ቃልም እንደዚሁ። መርማሪው የጻፈውን ሳታነብ አትፈርም፤ መነጽር ከረሳህ መነጽርህን አስመጣ።

መልስ 23 የሚያሳዝን ነው፣ በአጭሩ ልለፈው። የጓደኛው ወንድም አርብ ከምሽቱ 12 ሰዓት ካሳንቺስ ተያዘ። ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ፍርድ ቤት ቀረበ። ቁጠሩት፣ 63 ሰዓት ነው። ዳኛው ዋስ ጠርቶ እንዲወጣ አዘዘ። ነገሩ የቡና ቤት ጠብ ነበር፤ በመታወቂያ ዋስ አርብ ማታውኑ ሊያልቅ የሚችል። ቅዳሜና እሁድ ከ48ቱ ሰዓት አይቆጠርም የሚል ሕግ የለም፣ ግን ሰው ሁሉ እንዳለ አድርጎ ይኖራል። ለዚያ ነው በዕረፍት ቀን የሚሠራ ተረኛ ችሎት መኖሩን ቤተሰብ ማወቅ ያለበት። መልስ 24 ደግሞ ይህ ሁሉ የሚሠራው በደህና ቀን ነው ብሎ ቀዝቃዛ ውሃ አፈሰሰ። ከጥቅምት እስከ የካቲት 2014 አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በነበረ ጊዜ ስለ 48 ሰዓት የሚጠይቅ ሰው እንደ ቀልደኛ ይታይ እንደነበር አስታወሰ። ጠበቃው ለዚህ መልስ አልሰጠም። ክሩ ውስጥ እሱ ዝም ያለበት ብቸኛው ቦታ ነው።

መልስ 25 እንዴት ወደ ኳስ እንደገባ አላውቅም። 

መልስ 26 የድሬዳዋ ልጅ ነው። እየሳቀ ነው የጻፈው፣ ያስታውቃል። እኛ ጋ ወዳጄ «እርስዎ» የሚባል ነገር የለም፣ አባቴንም አንተ፣ ከንቲባውንም አንተ ነው የምንለው አለ። አዲስ አበባ በመጣ በሁለተኛው ሳምንት አራት ኪሎ ላይ አንድ ኢንስፔክተርን «አንተ፣ ሜክሲኮ በየት ነው?» ብሎ ጠየቀው። ኢንስፔክተሩ መታወቂያ አምጣ አለው። መታወቂያውን አየና፣ ድሬዳዋ የሚለውን አነበበና፣ ሳቁን መያዝ አቃተው። ራሱ ታክሲው ድረስ ሸኘው። ከዚያ እኔን በቀጥታ ጠየቀኝ፦ ያ ልጅ ፖሊስ የየት አገር ሰው እንደሆነ ታውቃለህ?

አላውቅም። ጨርሶ አላሰብኩትም።

መልስ 27 ይህን ይዞ ቀጠለ። አማርኛ ለሱ ሁለተኛ ቋንቋ ነው። ሲደነግጥ ግሡ ይምታታበታል፤ «እርስዎ ና» ብሎ ያውቃል። ፖሊስ ፊት ሲሆን ደግሞ ይብስበታል። አዲስ አበቤ ይህን እንደ ንቀት ሲወስደው እሱ የሚያስበው የመጣበትን ጉዳይ ብቻ ነው። ስለዚህ እንደ ጥፋት ከመቁጠርህ በፊት ሰውየው እንዲደግምልህ ጠይቀው የሚል ነው ሐሳቡ። ሲደግመው ያርመዋል።

መልስ 28 ላይ መልስ 6ን የጻፈችው ተመልሳ መጣች። ቆይ ቆይ አለች። ድሬዳዋም ይሁን ሌላ፣ ጣት መቀሰርና ለሦስት ሰዓት ሰው አስቀምጦ አለመጠየቅ ዘዬ አይደለም። ተውላጠ ስም እያነሳን ዋናውን ረሳነው። ያስቀመጡህ ስለ «አንተ» ስለተናገርክ ነው፤ ስለ ጃኬቱ ቢሆን ኖሮ ተነጣቂዋን አምጥተው ባሳዩህ ነበር። ጠበቃው ደገፋት። ፖሊሱም፣ የሚገርመው፣ ደገፋት፦ የተያዘ ሰው መግባቱ ወዲያው ተጽፎ ለኃላፊ መነገር ነበረበት፣ ያን ቀን የጠፋው ይህ ነው አለ። ቅሬታ ልጽፍ ከፈለግኩ ሰዓቱን፣ ቀኑንና ልብሱ ላይ ያለውን ቁጥር እንድጽፍ፣ ቅጽል እንዳልጨምር መከረኝ። ባለጌ፣ ስድ የሚሉት ቃላት ወረቀቱን ያቀሉታል።

ቁጥሩን አላየሁም። ፊቱንና ፌስታሉን ነው ያየሁት።

መልስ 29 ታዲያ ጻፍክ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ጽፌያለሁ። አንድ ገጽ ናት። ስለ «አንተ» አንድም ቃል የለባትም፤ ስለ ሦስቱ ሰዓት ብቻ ናት። ሳጅኗ ናት የተቀበለችኝ። ቆማ አነበበችው፣ ማኅተም መታችበት፣ ግልባጩን ሰጠችኝ። ፊቷ ላይ ምንም አላየሁም።

መልስ 30 የራሴ ነው፣ ዛሬ የጻፍኩት። ትናንት እዚያው ቦታ፣ እዚያው በረንዳ ስር ነበርኩ። ዝናብ ነበር፣ ዣንጥላ ትናንትም አልያዝኩም። ልጁ በእግረኛው መንገድ ከታች መጣ። ቆቡ ላይ ያ ፌስታል አለ። ያወቀኝ አልመሰለኝም፤ ጃኬቱንም አልለበስኩም። አጠገቤ ሲደርስ ቆም አለ። እጄን ከኪሴ አወጣሁ። ጤና ይስጥልኝ ልል አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

«ፋዘር፣ ውሃ ይረጭዎታል፣ ትንሽ ወደ ውስጥ ይጠጉ» አለኝና አለፈ።

ወደ ውስጥ ተጠጋሁ። ሊስትሮው ሳቀ።

መልስ 31 አሁን ገባ። ሾፌሩ ነው። በ46 ዓመት «አንተ» መባልና «ፋዘር» መባል የትኛው እንደሚብስ ይጠይቃል። ገና አልመለስኩለትም።